ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ

አዲስ ዘመን እጄ ሲገባ ከኋላ ገጽ ነው የምጀምረው። አስተማሪ ሳለሁ የማየው ክፍት የሥራ ቦታ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ፎቶግራፍ ወዳለበት ጠርዝ ነው፤ ዜና ዕረፍት፣ ሙት ዓመት፣ “በሐዘናችን ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ” የሚለው ምስጋና። ጋዜጣው ካልተገኘ ፌስቡክ አለ። ፌስቡክ ላይ እንኳን የማውቀው የማላውቀውም ሰው ይሞትብኛል።

ባለቤቴ ይሄን አመሌን አይወደውም። ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ “ደግሞ ዛሬ ማን ሞተልሽ?” ይለኛል። እሱ ስፖርት ነው የሚያነበው። አርሰናል የተሸነፈ ዕለት የእሱ ፊት ከእኔ ገጽ ይብሳል፣ እኔ ግን ምንም አልለውም።

የማነበው ሞት ፈልጌ አይደለም። ሞቱማ አንድ መስመር ነው። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንድ የማላውቀው ሰውዬ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ጎሬ ተመድቦ፣ ከጎሬ ነገሌ ቦረና ሄዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ ከዚያ አሰላ፣ ከዚያ አዳማ መጥቶ ቤት ሠርቶ። በአንዲት ጠባብ ማዕዘን አገሩን ሁሉ ያዞሩኛል። ግን ለምን ከጎሬ ወጣ? ነገሌ ላይ ያገኛት ምን ስትሠራ ነው? እሱን አይነግሩም። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፋችን ቅጽ ሆኗል። ስሙን ብቻ መቀየር ነው። “ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በየረርና ከረዩ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...” እዚህ ላይ ሁሌም እቆማለሁ። የእኔ ዘመን የገጠር ልጅ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ከብት ነበር የሚጠብቀው። ትምህርት ቤት የገባው ዕድሜው ካለፈ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጺም ሊያወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ “በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በተለያዩ የሥራ ኃላፊነቶች” ይመጣል። ከዚያ “ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው”። ምን ሕመም? አይነገርም። መጨረሻ ላይ “ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ”። ይሁን። ግን የሞተ ሁሉ ደግ ከነበረ ፍርድ ቤቱን ያጨናነቀው ያ ሁሉ የወሰን ክርክር የማን ነው?

አልፈርድም፣ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማውቅ። በእድራችን “የእጅ ጽሑፏ ያምራል” ተብዬ የስንቱን ጽፌያለሁ። አስተማሪነት ዕዳ አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ማታ ያርፋሉ። ሊነጋጋ ሲል ጡሩምባው ይነፋል፣ አሁን አሁንማ ቴሌግራም ቀድሞት ያድራል። ጎረምሶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ሴቶቹ ትልልቁን ድስት ይጥዳሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ተጽፎ፣ በኮምፒውተር ተለቅሞ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባነሩም ታትሞ ማለቅ አለበት። ለባነሩ የሚሆን ፎቶ እንኳን አይገኝም። የሚገኘው ወይ የመታወቂያ ነው፣ ወይ ከሰርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ፣ ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ የቀረበት።

“መቼ ተወለዱ?” እላለሁ። ልጆቹ ይተያያሉ። መታወቂያቸው 1938 ይላል። የጡረታ ደብተራቸው 1941። ታላቅ እህታቸው ከሳሎን፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ኧረ እሱ ጣሊያን ሲወጣ ዳዴ ይል ነበር” ይላሉ። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ እንግዲህ አስሉት። አሜሪካ ያለው ልጅ በስልክ ገብቶ ደግሞ ሌላ ዓመት ያመጣል፣ ለቪዛ ብሎ የሞላውን። ወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፣ አዋጁ ራሱ የወጣው በ2004። ከዚያ በፊት የብዙ ሰው ልደት የሚታወቀው እናት ጋ ነበር፣ እናት ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ሲደክመው “በ1935 ዓ.ም. ገደማ” ብለን እንስማማለን። ያቺ “ገደማ” ስንት ጭቅጭቅ እንዳበረደች!

ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ቤት ትንሽ ይሻላል። ልደቱ እዚያም ገደማ ነው፣ ጌታን የተቀበሉበት ጊዜ ግን ከነወሩ ይታወቃል።

እኛ ቤት ከዓመተ ምሕረቱ የባሰው የክርስትና ስም ነው። ለፍትሐት የመጡት ቄስ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው። “የክርስትና ስማቸው ማን ነው?” ሲሉ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሚስት ታውቃለች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ “ጋሼ” ስትለው የኖረች ሴት ከየት ታምጣው? አንድ ቤት የንስሐ አባታቸው ከሌላ ቀብር እስኪመለሱ ድረስ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠብቋል።

የወንዱስ እንደምንም ገጽ ይሞላል። እኔን የሚያናድደኝ የሴቷ ነው። ከተወለዱ በኋላ “ከአቶ እገሌ ጋር በሕግ ተጋብተው ስድስት ልጆች አፍርተዋል” ይልና ቀጥታ “ባደረባቸው ሕመም” ውስጥ ይገባል። መሃሉ የት ሄደ? ሃምሳ ዓመት እኮ ነው! አንዴ የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ያለ ረቂቅ ጽፎ አመጣልኝ። እናቱ የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ለድሬዳዋ መንገደኛ ሻይና ዳቦ ሸጠው ነው ያሳደጉት። ባቡሩ ገና ከሩቅ ሲያፏጭ ስንት ዳቦ እንደሚሸጥ ይገምቱ ነበር፣ ሲዘገይ ደግሞ ሰው የጣቢያውን ሠራተኛ ትቶ እሳቸውን ነበር የሚጠይቀው። “ይሄ የታለ?” አልኩት። “እሱማ ሥራ አይደለም፣ የቤት እመቤት ነበሩ” አለኝ። ያ ዳቦ ኢንጂነር አድርጎታል! አስገባሁት። ሲነበብ ከኋላ የቆሙት የድሮ ሰዎች ልቅሶው መሃል ሳቅ አሉ። አዳማ ያደገ ሰው ያንን ጣቢያ አይረሳውም።

ይሄ የእኛ አመል ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ያወጣቸውን ዜና ዕረፍቶች መለስ ብሎ ሲያይ አብዛኞቹ የነጭ ወንዶች ሆነው አገኛቸው፣ ይህንንም ራሱ ጻፈው። ከ2018 ጀምሮ ያኔ ለተዘለሉት ሰዎች ዜና ዕረፍት ማውጣት ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ኢዳ ዌልስ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ ሲሰቀሉ እያንዳንዱን ግድያ እየመረመረች ያጋለጠች፣ በ1931 የሞተች ጋዜጠኛ። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል እንላለን፣ ግን ያን ሲያነቡ ደስ የሚላቸው ልጆቿም በሕይወት አልነበሩም።

እነዚሁ ትልልቅ ጋዜጦች ደግሞ ሰውየው ምሳውን እየበላ ዜና ዕረፍቱን ጽፈው ያስቀምጣሉ። ኤልሳቤጥ ቴይለር፣ ያቺ የፊልም ተዋናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትሞት በዚያው ጋዜጣ የወጣላትን የጻፈው መል ገሶ የሚባል ሰው ነበር። እሱ የሞተው በ2005 ነው! ሟች ለሟች ጻፈላት። ይሄን ለባለቤቴ ስነግረው በሳቅ ሞተ። ከዚያ “የእኛንስ ማን ይጽፈዋል?” ብዬ ስጠይቀው ሳቁ ቆመ።

እናቶቻችን ያለ ወረቀት ይሻሉ ነበር። ሙሾ አውራጅ ዝም ብላ አትመጣም፣ ጠይቃ ነው የምትመጣው፤ የማን ልጅ ነው፣ የፈረሱ ስም ማን ነው፣ ማንን አበላ፣ የት ዘመተ። የሟቹ ልብስ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ በቅሎው ሳትቀር ትወጣለች፣ እሱን እያሳየች ግጥሙን ታወርደዋለች። ለሴትም የፈተለችው አለ፣ የሰፋችው አለ፣ ጠላዋ አለ። የሰውን ጋቢ በእጅ ይዞ “በተለያዩ የሥራ ኃላፊነቶች” ማለት አይቻልም። ካህናቱ ሙሾን ብዙም አይወዱትም፣ ከተማ ውስጥም እየቀረ ነው። ቀረ ብዬ አላለቅስም፣ ደረት መምታቱና ፊት መቧጨሩ ቢቀር ይሻላል። ግን ጠይቆ የመምጣቱ ነገር አብሮ ቀረ።

እንግዲህ የራሴን ራሴ ልጻፍ አልኩ። ለባለቤቴ ስነግረው “ሟርተኛ! አፍሽን በዳቦ!” አለኝ። ልጄ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ “እማዬ፣ ሐኪሙ ያለሽ ነገር አለ እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ” ብላ ካርዷ እስኪያልቅ ደህና መሆኔን አስምላኛለች። ሞት ስለጻፉት አይመጣም። እንደዚያ ቢሆን ኑዛዜ የጻፈ ሁሉ በሳምንቱ በተቀበረ ነበር።

ቀላሉን ቀድሜ ጨረስኩ። የክርስትና ስሜን በትልቁ ጻፍኩ። የንስሐ አባቴን ስልክ፣ የእድር ደብተሬ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ ማን ማን መርዶ በስልክ እንዳይነገረው፣ እናቴ የነገረችኝን የልደት ቀንና መታወቂያዬ ላይ ያለው ለምን እንደሚለይ። ፎቶም መረጥኩ፣ የሌላ ሰው እጅ የሌለበት። ናዝሬት ልበል አዳማ የሚለው ትንሽ አስቸገረኝ። የተማርኩት ናዝሬት ነው፣ ስሙ በ1992 ወደ አዳማ ሲመለስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ጡረታ የወጣሁት አዳማ ነው። ሁለቱንም እንደ ጊዜያቸው ጻፍኳቸው፣ አለቀ።

ከዚያ የቀረውን በቅጹ ሞላሁት። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተመደቡ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ሳነበው እኔ የለሁበትም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሁሉ ልትሆን ትችላለች፣ ስሙን ብቻ መቀየር ነው። እንዲህ ሌላ ሰው ላይ ስስቅበት የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ እጄ ላይ ሲመጣ በጣም ተመቸኝ፣ ምክንያቱም ምንም አያጋልጥም።

ስለዚህ ቅጹ የሚጥለውን መልቀም ጀመርኩ።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ሆላንዶቹ፣ ኤች ቪ ኤ የሚባለው ኩባንያ፣ በ1946 ሥራ ካስጀመሩት ጊዜ ጀምሮ። “በወንጂ ተወለዱ” ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ወንጂ ያደገ ሰው ከጥርሱ ይታወቃል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሱ ገና ሳይወጣ እሱን የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ዓመት የጠጣ ትልቅ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይነካና አንገቱና ወገቡ አልታጠፍ ይላል። አባቴ መጨረሻ ላይ ጫማውን ራሱ ማሰር አይችልም ነበር፣ የማስርለት እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። አስተማሪ ሆኜ እንኳን ሳቄ ሲመጣ ወደ ሰሌዳው እዞር ነበር፣ ተማሪዎቼ የተቆጣሁ ይመስላቸው ነበር። ልጆቼ እጄን ሲያዩ ነው ያደጉት፣ ከምን እንደመጣ ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ተጽፏል፤ “ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር፤ ምክንያቱ የወንጂ ውሃ ነው።”

ቀጥሎ መሠረተ ትምህርት ገባ። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ሲጀመር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፣ ማታ ማታ በፋኖስ አዋቂዎችን እንዳስተምር ተመደብኩ። አንዲት እማማ ነበሩ፣ ጠላ ሻጭ፣ እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና በጡጫቸው የሚጨብጡ። “ሀ”ን ለመጻፍ ያልቡ ነበር። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት ሳይናገሩ ሄዱ። በማግስቱ ቤታቸው ስሄድ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ከጓዳው በር እስከ ውጭው በር በከሰል ስማቸውን ጽፈውበታል፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ተገልብጦ። ባላቸው ደጅ ቆመው ይሳደባሉ። እሳቸው ጠላ እየቀዱልኝ፣ “የቤቱ ደብተር በእሱ ስም ነው፣ ግድግዳው ደግሞ በእኔ” አሉኝ። እሳቸው ሲሞቱ እኔ ሌላ ቦታ ተመድቤ ነበር፣ የተነበበላቸውም አይመስለኝም። ስለዚህ ከራሴ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ሰጠኋቸው። የተመደብኩባቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በእነሱ ፈንታ ሰረዝኩት፣ የሚፈልግ ማኅደሬን ይይ።

ጠባዬን ራሴ ልጽፈው አልፈለግኩም። ልጄን “እኔን ምን ትይኛለሽ?” አልኳት። “ቁጡ” አለች፣ ሳታስብ። ትንሽ ቆይታ “ግን ቶሎ ይበርድልሻል” ብላ አሻሻለችው። ባለቤቴ ተጠይቆ “ጨው ታበዛለች” አለ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይሄው ነው ያገኘሁት። ሁለቱም ገብተዋል።

ከአንድ ገጽ አላሳለፍኩትም። በአዳማ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያ አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት፣ ሰው ቆሞ የሚሰማው አንድ ገጽ ነው። ሦስት ገጽ የተነበበበት ቀብር አይቻለሁ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ዣንጥላ ያልያዘው ሁሉ ዛፍ ሥር ገብቶ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራ ነበር። አንባቢም መርጫለሁ። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሲያነቡ የስብሰባ ጥሪ ነው የሚመስለው። የወንድሜ ልጅ ታነባለች፣ ድምጿም ይሰማል፣ ከሳቀችም ችግር የለም ብያታለሁ።

የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔና ታናሽ እህቴ በአባታችን ቤት ምክንያት ለዓመታት ተኳርፈን ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ገበያ ላይ ስንተያይ መንገድ እየቀየርን። የእናታችን አርባ ላይ ሽማግሌዎች ናቸው ያስታረቁን። ጻፍኩት። “ከእህቷ ጋር ተኳርፋ ነበር፤ ከታረቁ ወዲህ ግን ሳይደዋወሉ የዋሉበት ቀን የለም።” ለእህቴ አነበብኩላት።

“አውጪው” አለች። “ሰው ምን ይላል?”

“ሰውማ ያውቀዋል። ሰፈሩ ሁሉ አይደል እንዴ ሲያወራን የነበረው።”

ትንሽ አሰበችና፣ “እሺ፣ ይግባ። ግን ካስገባሽው ጥፋቱ የማን እንደነበረ አብሮ ይጻፍ” አለች።

“የማን ነበር?” አልኳት።

ይኸው እሱ ላይ ነን። ሰሞኑን ደግሞ ልጇ ሹክ አለችኝ፣ እህቴ የራሷን መጻፍ ጀምራለች።